በሥራዬ ላይ የሌላ ሰው እጅ

ሰኞ፣ ጥቅምት 3

ደረስኩ። ክፍሌ አምስተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ አሳንሰር የለም። አልጋው ላይ ተኝቼ እግሬን ብዘረጋ በሩን መዝጋት እችላለሁ። የደመወዜ ግማሽ የሚሄደው ለዚህች ቁም ሳጥን ነው። ከተማው እንደዚህ ነው አሉ፤ ሰው የሚከራየው ቤት ሳይሆን አየር ነው።

አከራዬ ጡረታ የወጣች የባቡር ትኬት ሻጭ ናት። የቤቱን ደንብ በጣቶቿ እየቆጠረች ነገረችኝ፤ የቀኝ እጇ ጣቶች አልቀውባት ወደ ግራ ተሻገረች። ዕቃዬን ስፈታ በሩ ላይ ቆማ ታየኝ ነበር። ምን ፈልጋ?

ሚስቴ ደውላ «ቤቱን አሳየኝ» አለች። ስልኩን አንድ ጊዜ አዞርኩት። «እሺ፣ አሁን ደግሞ ሌላውን ክፍል» አለች። ሌላ የለም ስላት ሳቀች፤ እኔም ሳቅሁ። የሦስት ወር የሙከራ ጊዜዬን ካለፍኩ እሷና ልጄ ይመጣሉ። ካላለፍኩ የመኖሪያ ፈቃዴ ከሥራው ጋር የታሰረ ነውና እጄን አጣጥፌ መመለስ ነው። ሦስት ወር ምን አላት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 5

ሥራ ጀመርኩ። ሰው ሠራሽ እግር የምንሠራበት ወርክሾፕ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት የኖርኩበት ሙያ ነው፤ እዚህ ግን ሁሉም ነገር ያብረቀርቃል። ግድግዳው ነጭ፣ ጠረጴዛው ነጭ፣ ጄሶው ነጭ፣ መብራቱ ዓይን የሚወጋ። ነጭ በነጭ ላይ ሰው እንዴት አድርጎ ይለያል? ለኃላፊዋ ልነግራት አስቤ ተውኩት። ገና በመጣ በሦስተኛ ቀኑ አቤቱታ ትለኛለች።

አንድ የአገሬ ሰው አገኘሁ። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ሃያ ስድስቱን እዚሁ ኖረዋል። ከጋውናቸው ኪስ ሞረድ ስለማይጠፋ በሆዴ «ጋሼ ሞረድ» ብያቸዋለሁ። አቅፈው ሳሙኝና «በቋንቋዬ የሚሰድበኝ ሰው ካጣሁ ሃያ ስድስት ዓመቴ ነው፤ እንኳን መጣህልኝ» አሉ። ደስ የሚሉ ሰው ናቸው። ግን ጥያቄ ያበዛሉ። ማን አስቀጠረህ፣ ስንት ልጅ አለህ፣ ለምን ያን ያህል ጎንበስ ብለህ ትሠራለህ። የአገር ልጅ በሰው አገር ወይ ወንድም ነው ወይ ወሬ አቀባይ። የትኛው እንደሆኑ እስካውቅ አፌን መሰብሰብ ይሻላል።

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 8

38 ብዬ 33 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ወጣሁ። እስከ መጨረሻው ፌርማታ ወሰደኝ። የዚህ አገር ሰዎች ቁጥሩን በመብራት ነው የሚጽፉት፤ በዚያ ላይ ጭጋጉ። በእያንዳንዱ አምፖል ዙሪያ ቀለበት ቀለበት ይሠራል። ሾፌሩን ጠየቅሁት፤ ቁጥሩን በጣቱ ሲያሳየኝ የሳቀ መሰለኝ።

ዓርብ፣ ጥቅምት 14

አከራዬ ዕቃ ታንቀሳቅሳለች። ዛሬ ጠዋት ብርጭቆ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አስቀምጣ ኖሮ በክርኔ ጥዬ ሰበርኩት። «እዚያው ሁልጊዜ የሚቀመጥበት ነበር» አለች። አልነበረም። ስብርባሪውን ስጠርግ ቆማ አየችኝ፤ ከዚያ መጥረጊያውን ተቀብላ እኔ የጠረግሁትን እንደገና ጠረገችው። ይሄ ንቀት ካልሆነ ምንድን ነው?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 18

አንድ ነገር አገኘሁ። ረጋ ብዬ ልጻፈው።

ሥራችን እንዲህ ነው። የታካሚውን ጉቶ፣ ከተቆረጠው እግር የቀረውን ማለት ነው፣ ለክተን በጄሶ ቅርጹን እናወጣለን። ጄሶውን በልኩ መሠረት በሞረድ እናስተካክላለን፤ የት እንደሚጠብቅ፣ የት አጥንቱን እንደማይነካ። በማግስቱ ትኩስ ፕላስቲክ ይሳብበትና ሶኬት ይሆናል፤ ጉቶው የሚገባበት ማለት ነው። (ሚስቴ ሶኬት ስላት «ታዲያ መብራቱን ማን ይሰካዋል?» ብላኛለች።)

ትናንት አንድ ጄሶ ጨርሼ፣ በእጄ ዳብሼ፣ ጨርቅ አልብሼ ሄድኩ። ዛሬ ጨርቁን ሳነሳው የነካው ሰው አለ። በዓይን ብዙም አይታይም፤ ጣት ግን አይዋሽም። ጎኑ ላይ የሌላ ሰው ሞረድ ሄዶበታል። የኔ ሞረድ ሸካራ ነው፤ ይሄ ልስልስ ያለ ነው። ፕላስቲኩን ዝም ብዬ ሳብኩበት። ታካሚዋ ለብሳው በረንዳውን ሦስት ጊዜ ዞረችና «እንደ ካልሲ ነው» አለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ደስ አላለኝም።

ሐሙስ፣ ጥቅምት 27

ሁለተኛም ሦስተኛም ጄሶ ተነክቷል። ማን እንደሆነ ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም።

ምሳ ላይ ጋሼ ሞረድ አጠገቤ ተቀመጡና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ፣ ዓይንህን ለምን አትታይም?» አሉኝ።

«ዓይኔ ምን ሆነ?»

«እኔ ምን አውቃለሁ። መታየቱ ምን ይጎዳል ብዬ ነው።»

«ዓይኔ ደህና ነው ጋሼ። መብራቱ ነው።»

«መብራቱ» አሉና ዳቧቸውን ቆረሱ። ቆይተው ደግሞ «መብራቱማ ለሁላችንም አንድ ነው» አሉ።

ገባኝ። ሥራዬን በሌለሁበት ያበላሻሉ፤ ሲበላሽ «ድሮም አያይም፣ ነግሬው ነበር» ሊሉ። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ማክሰኞ፣ ኅዳር 2

በጥድፊያ። ባቡር ውስጥ።

በጆሮዬ ሰማሁ። የኃላፊዋ በር ገርበብ ብሎ ነበር። የሚያወራው ጋሼ ሞረድ ነው፤ በእነሱ ቋንቋ። ሁሉን አልያዝኩም። «...ሦስት ወሩ እስኪያልቅ... ከዚያ በኋላ...» እሷ ረዘም ያለ ነገር አለች። እሱ መልሶ፦ «ኃላፊነቱ የኔ።»

ሦስት ወሩ ሲያልቅ ሊያስባርረኝ ነው። ቀን ቆርጠውልኛል።

ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ደብተር ላይ አንቱታውን አንስቻለሁ። በአፌ ግን አንቱ ማለቴን አልተውም፤ አሳዳጊ አልበደለኝም።

እሁድ፣ ኅዳር 7

ሚስቴ ልጄ የሣለችውን ሥዕል ላከችልኝ። ስትደውል «እንዴት ነው?» አለች።

«ፍየሏ ታምራለች» አልኩ።

ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አዎ፣ ታምራለች» አለች። ልጄ ከኋላ «ምን አለ? ምን አለ?» ትላለች። «ቆንጆ ነው አለ» አለቻት። ለምን ፍየሏን እንደዘለለቻት አልገባኝም። ስልኩን ከመዝጋቷ በፊት «እዚያ ደህና ነህ? እውነቱን ንገረኝ» አለች። ይህን ጥያቄ በወር ውስጥ ስንት ጊዜ ጠየቀችኝ። አንድ ሰው የሆነ ነገር ነግሯታል ልበል? የሚነግራት ሰው ግን የለም። ወይስ የምትደብቀኝ እሷ ናት?

አከራዬ ደግሞ ዛሬ በደረጃዎቹ ጠርዝ ላይ ሁሉ ቢጫ ፕላስተር ለጠፈች። ከታች እስከ አምስተኛ ፎቅ። ጎረቤቶቹ አንዳቸውም አልጠየቋትም። ቤቱን ልትሸጠው ሳይሆን አይቀርም፤ ለገዢ የምታሳምረው ይመስላል። አስቀድማ አትነግረኝም፤ ሻንጣዬን መንገድ ላይ አገኘዋለሁ።

ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ወጥመድ ዘርግቻለሁ። አምስተኛው ጄሶ። ከየአቅጣጫው በስልኬ ፎቶ አነሳሁት። ነገ ሠራተኛ ሳይገባ እደርሳለሁ።

ዓርብ፣ ኅዳር 12

ያዝኩት።

ጎህ ሲቀድ ገባሁ። የወርክሾፑ መብራት በርቷል። ጋውኑን ለብሶ፣ የኔን ጄሶ በሁለት ጉልበቱ መሀል ይዞ ቀስ ብሎ ይሞርዳል። የልኬት ካርዴን ፊቱ ዘርግቶታል። አንዱን ቦታ ደግሞ በጄሶ ደልድሎታል። ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሳሁት። ቀና አለ።

«ማልደህ መጣህ» አለ።

«እርስዎም።»

«ቁጭ በልና ላናግርህ።»

«እኔን ሳይሆን ኃላፊዋን ያናግሩ።»

«ስማኝ ወንድሜ፣ ነገሩ ሳይከር...»

አልሰማሁትም። ፎቶውን ይዤ ወጣሁ።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

ሦስታችን፣ በኃላፊዋ ቢሮ። ፎቶዎቹን ደረደርኳቸው።

«የሰው ሥራ ነክተሃል?» አለችው።

«ነክቻለሁ።»

«ስንት ጊዜ?»

«አምስት ጊዜ።»

«መዝግበሃል?»

«አልመዘገብኩም።»

«ለምን ነካኸው?»

ያን ጊዜ ዞሮ አየኝ። ረጅም ጊዜ። እንድናገር የሚጠብቅ ይመስል። እኔ መስኮቱን አየሁ።

«እጄ አላርፍ ብሎኝ ነው» አለ።

ያልተመዘገበ ሥራ መንካት በዚህ ቤት ከባድ ጥፋት ነው። ጉዳዩ እስኪጣራ ከሥራ ታገደ። ጡረታ ለመውጣት የቀረው አንድ ዓመት ተኩል ነው አሉ። ጋውኑን አጥፎ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጦ ወጣ። በሩ ጋ ደርሶ «ልኬቱን ሁለት ጊዜ እየው» አለኝ፤ በቋንቋችን፤ ቀስ ብሎ። ዛቻ ነው?

የበደለኝ እሱ ነው፤ የማፍረው እኔ ነኝ። ይሄ ደግሞ ምን የሚሉት ነገር ነው?

ሐሙስ፣ ኅዳር 25

ሰላም ሆነ። አሥር ቀን ሙሉ ሥራዬን የነካ የለም። የሠራኋቸው አምስት እግሮች አንዳቸውም ተመልሰው አልመጡም፤ ኃላፊዋ ራሷ «ጥሩ ውጤት ነው» ብላለች። ሞራሌ ተነቃቅቷል። ሚስቴን የልጄን ትምህርት ቤት መሸኛ ማስጨረስ ጀምሪ አልኳት።

ዛሬ ስድስተኛውን አስረከብኩ። ፖስታ አዳይ ነው፤ ግራ እግሩን ከጉልበት በታች በመኪና አደጋ ያጣ። ቀልደኛ ሰው። «ውሻ የማይነክሰው እግር ሠራህልኝ» ይላል። በሁለት ሳምንት ውስጥ ወደ ሥራ ካልተመለሰ የሚያድልበትን ሰፈር ለሌላ ይሰጡበታል። ሲራመድ በስተውጭ በኩል ትንሽ ቆነጠጠኝ አለ። በጣቴ ዳበስኩለት።

«ይለመዳል» አልኩት። አዲስ ጫማም ይቆነጥጣል።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 8

ፖስተኛው ተመለሰ። በክራንች።

ቆስሏል። አጥንቱ ሶኬቱን በሚነካበት ቦታ ሥጋው ተልጦ ወደ ውስጥ ገብቷል። ሥራው እንዳያመልጠው ብሎ ሕመሙን ችሎ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ተራመደበት። «ይለመዳል ብለኸኝ ነበር» አለኝ። ቁጣ አልነበረበትም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ሰው ሠራሽ እግሩን እንዳያደርግ ከለከለው። ኢንፌክሽኑ ወደ አጥንት ከወረደ ከዚያም በላይ ይቆረጣል።

እሱ ነው። ጋሼ ሞረድ ሳይወጣ አንድ ነገር አድርጎ... ግን ያኔ ታግዶ ነበር። ቁልፍ ይኖረው ይሆን?

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

ቁልፉን ያስረከበው በታገደበት ቀን ነው። ጠየቅሁ።

ኃላፊዋ ሶኬቱን ለሁለት ሰንጥቃ ለካችው። አጥንቱ ጋ ስምንት ሚሊ ሜትር ክፍተት መኖር ነበረበት፤ ያለው ሦስት ነው። የልኬት ካርዱን ፊቴ አኖረችው። «ይህ ምን ይላል?»

«ሦስት።»

ካርዱን ወደ መስኮቱ ወስጄ አየሁት። ወደ ዓይኔ አስጠጋሁት፤ አራቅሁት። ስምንት ነው። የራሴ ስምንት፣ በራሴ እጅ የተጻፈ። ፊደሎቼ ከመስመሩ ወጥተው ቁልቁል ይወርዳሉ። በነሐሴ አገር ቤት የጻፍኳቸውን ካርዶች ይዤ መጥቻለሁና ቤት ገብቼ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። የሁለት ሰው ጽሕፈት ይመስላል።

ከዚያ ይህን ደብተር ገለጥኩ። ይህም እንደዚያው ነው።

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 14

የዓይን ሞራ ነው። ሁለቱም ዓይኖች። በዕድሜህ ብዙ አይታይም፣ ግን ያጋጥማል አለች ሐኪሟ። ቀላል ቀዶ ሕክምና ነው፤ አንዱ ዓይን በአንድ ቀን፣ ሌላው በሁለተኛው ሳምንት። «መቼ ጀመረህ?» አለችኝ። «ቅርብ ጊዜ ነው» አልኩ። መብራቷን ዓይኔ ላይ እንደያዘች «ይህ ቅርብ ጊዜ አይመስልም» አለች።

ከእንግዲህ ለማን ልዋሽ? ከመምጣቴ በፊት የጤና ምርመራ ነበር። ወረፋ ላይ ሳለሁ ከፊቴ ያሉት ሰዎች የግድግዳውን ፊደል ጮክ ብለው ሲያነቡ ሰማሁ። በጆሮዬ ሸመደድኩት። ተራዬ ሲደርስ እንደ ማባዣ ሠንጠረዥ አወረድኩት። ሐኪሙ «ንስር ነህ» አለኝ። ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም። ለዚህ ደብተርም አልነገርኩትም። ለራሴም ቢሆን የነገርኩት አይመስለኝም፤ አጠገቡ ስደርስ ሌላ ሰው እጠረጥራለሁ።

ጋሼ ሥራዬን አምስት ጊዜ ነክተዋል። አምስት ሰው ተራምዷል። ያልነኩት አንዱ ነው።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 15

ኃላፊዋ ቢሮ ገብቼ ሁሉንም ነገርኳት። የጤና ምርመራውን ጭምር። እስክጨርስ አላቋረጠችኝም።

«በሁለተኛው ወር ላሰናብትህ ነበር» አለች። «ዘገምተኛ ነህ፣ ዕቃ ትጥላለህ። "ሦስት ወሩን ይጨርስ፣ ሚስትና ልጅ አለው፣ እስከዚያ አሳምኜ ሐኪም ጋ እወስደዋለሁ፣ ኃላፊነቱ የኔ" ያለኝ ያ ያሳገድከው ሰው ነው። ሥራህን እየነካ መሆኑን ግን አልነገረኝም።»

«ታዲያ እዚህ ቁጭ ብሎ ለምን አልተናገረም?»

«ይህን እሱን ጠይቀው።»

ጋሼ ከሰኞ ጀምሮ ይመለሳሉ። ማስጠንቀቂያው ከማኅደራቸው አይወጣም፤ አለመመዝገባቸው እውነት ነውና። የኔ ውል ጥር መጨረሻ ላይ ያበቃል። ቀዶ ሕክምናውን ኢንሹራንሱ እስከዚያ ይሸፍነዋል። ከዳንኩ በኋላ እንደ ማንኛውም አመልካች ማመልከት እችላለሁ አለች። አመሰገንኳት። ሌላ ምን ይባላል?

ፖስተኛውን ሆስፒታል ሄጄ አየሁት። ቁስሉ ወደ አጥንት አልወረደም። ሰፈሩ ግን ለሌላ ተሰጥቷል፤ ሲድን መጋዘን ውስጥ ደብዳቤ ይለያል። ጥፋቱ የኔ መሆኑን ነገርኩት። «አሥራ አንድ ዓመት የዞርኩበት ሰፈር ነበር» አለ። ቀልድ አልጨመረበትም።

እሁድ፣ ታኅሣሥ 19

ለሚስቴ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ስጠብቅ «ሥዕሉ ፍየል አልነበረም» አለች። «አንተ ነበርክ፤ ሻንጣ ይዘህ። ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ራስህ እስክትነግረኝ ጠበቅሁ።»

አከራዬን ስለ ቢጫው ፕላስተር ጠየቅኋት። «ደረጃውን በእግርህ ጣት እየፈለግህ ነበር የምትወጣው» አለች። «ባሌም መጨረሻው ላይ እንደዚያ ነበር።»

ለጋሼ አራት ጊዜ ደወልኩ። አያነሱም። ወርክሾፕ ውስጥ እኔን ጄሶ ማቡካት ላይ ብቻ መድበውኛል፤ ከነገ ጀምሮ አንድ ጣሪያ ሥር ነን።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 30

አሥር ቀን። ሰላምታ ይመልሳሉ፤ ሌላ ቃል የለም። ትናንት «ጋሼ፣ ይቅርታ» አልኳቸው። «ጄሶው ቀጥኗል፤ ዱቄት ጨምርበት» አሉኝና ሄዱ።

ዓርብ፣ ጥር 8

በአንድ ዓይን፣ በትልልቅ ፊደል።

ጠዋት ሆስፒታል ስገባ ነርሷ ቅጽ ዘረጋችልኝ። «ሲያልቅ ማን ይወስድሃል?»

«ብቻዬን እሄዳለሁ።»

«ብቻህን አትወጣም። ደንብ ነው። የቤተሰብ ወይም የወዳጅ ስልክ።»

አከራዬ እህቷ ጋ፣ ሌላ ከተማ ናት። ኃላፊዋን ማስቸገር አይሆንም። በዚህ ስንት ሚሊዮን ሰው በሚርመሰመስበት ከተማ በቃሌ የያዝኩት ቁጥር አንድ ብቻ ነው፤ ከሥራ ያሳገድኳቸው ሰው ቁጥር። ነገርኳት። «አይመጡም እንጂ» አልኩ። ቅጹ ላይ ይህን መጻፊያ ቦታ የለም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ዓይኔ ታሽጎ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። ከእኔ ጋር የገቡት አንድ በአንድ ተወሰዱ። ባል መጣ፣ ልጅ መጣ፣ እህት መጣች። ታክሲ እንድትጠራልኝና ሾፌሩን እንደ ወንድሜ ቆጥራ እንድትለቀኝ ነርሷን ልለምናት ስነሳ ከበላዬ ድምፅ ሰማሁ።

«ቁም እስቲ፣ የት ነው የምትሄደው?»

«ጋሼ...»

«ይቅር ብዬህ አይደለም የመጣሁት፤ እንዳይመስልህ።»

«እሺ።»

«ልጅቷ ደውላ "የዚህ ሰው ቤተሰብ ነዎት?" አለችኝ። አይደለሁም ልል አፌን ከፈትኩ፤ "እየመጣሁ ነው" የሚል ወጣ። ለራሴም ገርሞኛል።»

«ያን ቀን ቢሮ ውስጥ ለምን አልተናገሩም?»

ኮቴን አለበሱኝ። «ራስህ የምትናገር መስሎኝ ነዋ» አሉ። «ሌላ ምን አለው?»

ክንዴን ያዙኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱን ሁሉ አላናገሩኝም። ደረጃ ሲመጣ ብቻ «ደረጃ» ይላሉ፤ እኔም እግሬን አነሳለሁ።